ጋሼ ስመለስ እና የእትዬ ቤት

በየዘመዱ መሀል «ስመለስ» ባይ አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ ቤት የለም የሚል ካለ፣ ያ ሰው እሱ ራሱ ነው።

«ስመለስ» ባይ ሻንጣውን ሲዘጋ እንጂ ጉዳዩን ሲዘጋ ታይቶ አይታወቅም። የሚንጠባጠበው ቧንቧ? ስመለስ! ከጎረቤት ጋር የተጀመረው እርቅ? እሱማ ስመለስ! የዚህ ሁሉ ሊቀመንበር ደግሞ ክቡር ጋሼ ስመለስ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን በከባድ መኪና ሲሄዱ ሲመለሱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሾፌር። የሳሎናቸው ግድግዳ ከመስኮቱ ወዲህ ቢጫ፣ ከመስኮቱ ወዲያ ነጭ ነው። ቀለሙን ጀምረውት ጭነት ተጠሩ፣ በዚያው ቀረ። የመታጠቢያ ቤቱ በር እጀታ ያለው በውጭ በኩል ብቻ ነው። እንግዳ ሲገባ አንድ ሰው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል፤ አለዚያ እንግዳው እዚያው ያድራታል።

በዚህ ሁሉ ስትስቅ እዚያ ቤት ያደገች አንዲት ነርስ አለች። የሟች እህታቸው ልጅ ናት፤ ጋሼና ታናሽ እህታቸው እትዬ ናቸው ያሳደጓት። ዘንድሮ ግን ሳቁ አለቀ። ጋሼ ለልብ ቀዶ ሕክምና ባሕር ማዶ ሊሄዱ ነው፣ ቤቱ ደግሞ በእሳቸው ስም ነው። ጉልበታቸውን እዚያ ቤት የጨረሱት እትዬ ከበር ቁልፍ በቀር አንዲት ወረቀት የላቸውም። ኑዛዜ ከሌለ ቤቱ ለጋሼ ሁለት ወንዶች ልጆች ነው፤ ያውም የአባታቸውን ድምፅ የረሱ ልጆች። ታላቅየው ከወዲሁ ደውሎ፣ «እትዬ እንደሆኑ ብቻቸውን ናቸው፣ የትም አንዲት ክፍል ትበቃቸዋለች» አለ። ነርሷ ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ከዚያ ወዲያ እህል አልዋጥላት አለ።

«ጋሼ፣ ኑዛዜውን ይጻፉ እንጂ!»

«ስመለስ።»

«ባይመለሱስ?»

«ካልተመለስኩማ ምን ቸገረኝ?»

ይሄ መልስ ነው? ይሄ የሰው መልስ ነው? ልትፈነዳ ደረሰች። እንደምንም ጎትታ ውልና ማስረጃ ወሰደቻቸው፣ መታወቂያቸውን ረስተው ተገኙ። መታወቂያ ትራሱ ሥር አድርጎ የሚተኛ ሾፌር መታወቂያ ረሳ! በሌላ ቀን መታወቂያውን በራሷ ቦርሳ ይዛ፣ ምስክር ብቻ እንዲያመጡ ለመነቻቸው። ማንን ይዘው ከች ቢሉ ጥሩ ነው? እትዬን! ምስኪን እትዬ የክት ጫማቸውን አድርገው፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው።

የውል ክፍል ሠራተኛዋ መነጽሯን ዝቅ አደረገች። «አባባ፣ ቤቱን የሚናዘዙት ለማን ነው?»

«ለእሷ ነዋ!»

«ታዲያ የሚወርስ ሰው እንዴት ምስክር ይሆናል?»

«ከእሷ በላይ እኔን ማን ያውቀኛል? ከመንገድ ያገኘሁትን ሰው ልጥራልሽ?» ብለው ቢሮውን በጩኸት አናጉት። እትዬም ወንድም አይዋረድ ብለው፣ «እውነቱን ነው፤ እኔው ልመስክርለት» አሉ። ሠራተኛዋ ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋችው።

ይሄም ይሁን። ሲወጡ ነርሷ ዞር ብትል፣ ጋሼ ወረፋ ላይ የቆመ አንድ ጎልማሳ ይዘው ይመክራሉ። «ወንድሜ፣ ንብረት ዘመድ ያፋጃል። ነገርህን ሳትቋጭ መንገድ እንዳትጀምር።» ሰውየው ምርቃት በምርቃት አደረጋቸው። ነርሷ ጥርሷን ነክሳ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

በጉዞው ዋዜማ እራት ላይ ግን ሞልቶ ፈሰሰ። ጋሼ ግማሽ ቀለም ወደተቀባው ግድግዳ እያዩ «ስመለስ እንግዲህ...» ሲሉ ማንኪያዋን ወረወረችው።

«በቃኝ! እኔኮ የምውለው ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው! እመለሳለሁ ብሎ ገብቶ የቀረ ሰው ልብስ አጣጥፌ ለቤተሰቡ የማስረክብ እኔ ነኝ! እትዬን ጎዳና ጥለው ሊሄዱ ነው? ይሄ ነው ፍቅርዎ?»

«ኧረ ልጄ፣ ቀስ» አሉ እትዬ። 

ጋሼ ሳህናቸውን ገፋ አደረጉት። «አብሮኝ የተቀጠረ ጓደኛ ነበረኝ፤ ንጹሕ ሰው። አንድ ጊዜ አጥሩን አጥሮ፣ ከተጣላው ሁሉ ታርቆ፣ ምንም ሳይቀረው መንገድ ወጣ። በዚያው ቀረ። እኔ ከኋላው ነበርኩ፤ ጫማዬን ጫማ ሰፊ ጋ ትቼ ነበር። ያው ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ሳላስቀር ወጥቼ አላውቅም። ነገሩን የጨረሰ ሰው ምን ብሎ ይመለሳል ልጄ? እኔ ፈርቻለሁ።»

ፈርቻለሁ ሲሉ ሰምታቸው አታውቅም። ቁጣዋ ግን አልበረደም።

«እንግዲያው ግድግዳው ይቅር! ቧንቧውም ይቅር! የእትዬ ቤት ግን አይቀርም!»

በነጋታው፣ ሻንጣው መኪና ውስጥ እያለ፣ ያኮረፏቸውን ልብስ ሰፊ ጎረቤታቸውንና ጫማ ሰፊውን በምስክርነት ይዛ ቢሮው ሳይከፈት በሩ ላይ ቆመች። ጋሼ የቤቱን ኑዛዜ ፈረሙ። ምስክሮቹም ፈረሙ። እትዬ ደጅ ወንበር ላይ ሆነው በመሐረባቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ሠራተኛዋ ሌላ ወረቀት አቀረበች። «ይቺ ደግሞ አሮጌዋን መኪናዎን ለእህትዎ ልጅ የሚሰጡባት ናት። እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

ጋሼ እስክሪብቶውን ከደኑና ነርሷን በስርቆት አዩዋት።

«እሱን... ስመለስ።»

ሠራተኛዋ እንደ ልማዱ ጩኸት ጠበቀች። ነርሷ ግን ወረቀቱን መልሳ ወደ እሷ ገፋችው። «ሲመለሱ ይፈርማሉ፤ ያስቀምጡልን» አለቻት።

ነርሷና እትዬ ጋሼን ሸኝተው ከኤርፖርት ሲመለሱ የጋሼ ሻይ በግማሽ ተጠጥቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እትዬ ብርጭቆውን አንስተው ወደ ጓዳ ሲያመሩ ነርሷ ጮኸች።

«እትዬ! ይመልሱት!»

«ለማጠብ ነው እኮ ልጄ።»

«አይታጠብም!» አለች፣ እንባዋ በአፍንጫዋ እየወረደ፣ ያላትን ቁጣ ሁሉ ሰብስባ። «ሲመለሱ ራሳቸው ያጥቡት!»