በስድብ የማያዳላው መካኒክ

ሥራውን የሚያከብር ሰው አንደበቱ ለምን ይመርራል? ሰው ማመስገን አይቀናኝም፤ የሀዋሳው መካኒክ ጋሽ ዳንጊሶ ግን ይገባዋል። በደርግ ዘመን የቀበሌያችን ሊቀመንበር (ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል) ሟች ባሌ የተወልኝን ጉልበተኛ የአሜሪካ መኪና «ለስብሰባ» እያለ ይነዳብኝ ነበር። አንድ ቀን የዘይት ግፊት መውረዱን የሚያመለክተው ቀይ መብራት በራበት። ወደ ጋሽ ዳንጊሶ ጋራዥ ሲወስደው ተከተልኩት።

«የመብራቱን አምፖል ንቀልልኝና ቱላ ከተማ ለስብሰባ ልሂድ» አለ ሊቀመንበሩ።

«ደንቆሮ! ዘይት ካልደረሰው ሞተሩ ብረት ለብረት ተነካክሶ ይቆማል» አለው ጋሽ ዳንጊሶ።

«አብዮቱ አይቆምም!»

«እንግዲያው በእግሩ ይሂድ።»

ያኔ ይህን የሚል ስንት ወንድ ነበር? እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ጋሽ ዳንጊሶ ግን በዝቃጭ የተደፈነውን የዘይት ማጥለያ አጥቦ መለሰ፤ ሞተሩን ሲያስነሳው መብራቱ ጠፋ። ሊቀመንበሩ እጁን ቢዘረጋም ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ።

«እርስዎም ዘይት የማያስቀይሩ ደንቆሮ ነዎት» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ በአክብሮት የሰደበኝ የለም።