ሳልፈርም የገባሁበት ትዳር

ሁለት መቶ አሥር ሺህ ዶላር። ካሊፎርኒያ፣ ሄይዋርድ ከተማ ያለው ቤቴ ቢሸጥ፣ ከባንክ ዕዳ ከተረፈው ግማሹ ማለት ነው።

እዚህ አገር አበሻ ሁሉ ጠበቃ ነው። ፀጉራችሁን ልትቆረጡ ብትቀመጡ፣ ቆራጩ «ሰባት ዓመት አብረው ከኖሩ ሕጉ ባልና ሚስት ይላቸዋል» ይላችኋል። እኔ ግን አጣርቻለሁ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰባትም ኑሩ ሰባ፣ ካልፈረማችሁ ባለትዳር የሚላችሁ የለም። ስለዚህ ከጽጌ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ስኖር አልፈረምኩም፤ ቤቱንም በስሜ ብቻ ገዛሁ። ብልጥ ነኛ!

አምና ተጣላንና ጽጌ ሳን ሆዜ እህቷ ጋ ገባች። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ተዉት፤ ከእኔ የምትሰሙት የእኔን ወገን ብቻ ነው። የቤቱን ግማሽ ስትጠይቅ፣ እየሳቅኩ ኦክላንድ አንድ የአገራችን ልጅ ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ካሊፎርኒያ ከመምጣታችሁ በፊት የት ነበራችሁ?»

«ዴንቨር። አራት ዓመት።»

«እዚያ ለሰው ምን ብለው ነበር የሚያስተዋውቋት?»

«ባለቤቴ ነዋ! ምን ልበል ታዲያ፣ ደባሌ?»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እንግዲህ ጋሼ፣ ተጋብታችኋል።»

ለካ ዴንቨር ባለችበት በኮሎራዶ ፊርማ የግድ አይደለም። ሁለቱ ባልና ሚስት ነን ብለው ከተስማሙና በሰው ፊትም እንደዚያው ከኖሩ በቃ፤ የዓመት ቁጥር አይጠየቅም። እዚያ የተጋባ ደግሞ ካሊፎርኒያ ሲገባም እንደተጋባ ነው፤ በትዳር ውስጥ የተገዛ ቤትም፣ በማንም ስም ይሁን፣ የሁለቱ ነው። ስገባበት ማንም ያልጠየቀኝ ትዳር፣ ልውጣ ስል ዳኛ፣ ማመልከቻ፣ ስድስት ወር መጠበቅ! ይኼ ምን ዓይነት አገር ነው?

«ማስረጃ የላትም» አልኩ። ሳን ሆዜ ሽማግሌዎች ፊት ስንቀመጥ ጽጌ ከቦርሳዋ የዴንቨር እድራችንን ቅጽ አወጣች። መዋጮው ለሁለት ነጠላ ሰው በወር ሠላሳ ዶላር፣ ለባልና ሚስት ሃያ ነበር። «የትዳር ጓደኛ» በሚለው መስመር ላይ ስሟ ተጽፏል፤ በእኔ እጅ፣ አሳምሬ።

«ሚስቴ አይደለችም» አልኩ እንደ ምንም።

«እሺ፣ እንግዲያው እድሩን አጭበርብረሃል ማለት ነው» አለች ጽጌ። «የቱን ልያዝልህ?»

ሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አዩ። ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ባልነቱን መረጥኩ፤ የእድር ሌባ ከመባል ይሻላል።

ሂሳቡ ይኸው። ትርፍ፦ በአራት ዓመት አራት መቶ ሰማንያ ዶላር። ኪሳራ፦ የቤቱ ግማሽ፣ የጠበቃው ሳይቆጠር። ባለፈው ሳምንት ከፍርድ ቤት ፖስታ ደረሰኝ። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ መንግሥት ባልና ሚስት ብሎ ሲጽፈን የመጀመሪያው ነው፤ ያውም መፋታታችንን ሲያረዳን።