ልምዱ የመኪናዋ ነው

(ሶዶ፣ የአንድ ኢንሹራንስ ቢሮ ደጃፍ። ዝንጅብል የጫነ አዲስ አይሱዙ ቆሟል። ሥራ ቀይሮ ሊነዳው የመጣውና ኢንሹራንሱ የሥራ ልምዱን እንዲቀበለው የሚጠብቀው ሀብተየስ የተላጨ አገጩን ይዳስሳል። በድሉ የአይሱዙው ባለንብረት የወይዘሮ ወርቅውሃን ሌላኛዋን መኪና የሚነዳ ሹፌር ነው።)

በድሉ፦ ማን ተላጭ አለህ?

ሀብተየስ፦ ቢሮ ልገባ አይደል እንዴ።

በድሉ፦ ያ ነጭ ጢም ያለህ ብቸኛ የሥራ ልምድ ማስረጃ ነበር። ፀጉር ቤት አራግፈኸው መጣህ።

ሀብተየስ፦ ሃያ ሁለት ዓመት የነዳሁትስ?

በድሉ፦ ማን አየህ?

ሀብተየስ፦ ትሕትናም ያለችኝ ይህንኑ ነው።

በድሉ፦ ትሕትና ደግሞ ማን ናት?

ሀብተየስ፦ የኢንሹራንሷ ልጅ። አንድ ጭረት የለብኝም ብላት፣ መዝገባችን ላይ ያለችው የነዳሃት መኪና ናት፣ ልምዱም የመኪናዋ ነው አለችኝ።

በድሉ፦ ልክ ብላለች። ኢንሹራንስ የተገባው ለመኪናዋ ነው። አንተ ላይዋ ላይ ተቀምጠህ ነበር።

ሀብተየስ፦ መሪው እኮ በእኔ እጅ ነበር።

በድሉ፦ ማስረጃ?

ሀብተየስ፦ (መዳፉን ዘርግቶ እያየ) ይኸው ሻክሯል።

በድሉ፦ ማኅተም የለውም። የድሮ አለቃህ ጋሽ አማረ ደብዳቤ አይጽፍልህም?

ሀብተየስ፦ ለምኜዋለሁ። ጥለኸኝ ሄደህ ነው የምጽፍልህ? አለኝ። ተመልሰህ መኪናዬን ያዝ፣ የዚያኑ ቀን እጽፍልሃለሁ አለ።

በድሉ፦ ደግ ሰው ነው።

ሀብተየስ፦ ከተመለስኩ ደብዳቤው ምን ይሠራልኛል?

በድሉ፦ ግድግዳ ላይ ትሰቅለዋለህ።

ሀብተየስ፦ ወይዘሮ ወርቅውሃ ደግሞ ኢንሹራንሶቹ እስከ ምሳ ሰዓት ካልተቀበሉህ ሌላ ሹፌር እቀጥራለሁ ብለዋል። ከወዲያም ከወዲህም ልቀር ነው፤ ልጆቼን ምን ላበላ ነው?

በድሉ፦ ጥፋቱ የራስህ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ አጥር እንኳ አልገጨህም። ኢንሹራንስ የሚያውቀው የወደቀን ነው። እኔን እይ፤ አባይ በረሃ ላይ ሦስት ጊዜ ተገልብጫለሁ።

ሀብተየስ፦ ባለፈው ምሳ ቤት ስታወራን አራት ነበር።

በድሉ፦ አንዱ ግማሽ ነው፤ መኪናው በጎኑ ነው የተኛው። እኔ እዚህ ቢሮ ብገባ ሁሉም ከወንበሩ ይነሣል።

ሀብተየስ፦ እሱስ እውነትህን ነው። ትሕትና ስምህን ስጠራ ብድግ ብላለች።

በድሉ፦ ስሜን ለምን ጠራኸው?

ሀብተየስ፦ ደብዳቤ ካጣህ የሚመሰክርልህ ሹፌር ጥራ አለችኝ።

በድሉ፦ (ኮሌታውን እያስተካከለ) ደግ አደረግክ። ምን አልካት?

ሀብተየስ፦ ያወራኸንን ሁሉ። አባይ በረሃውን፣ ገደሉን፣ ገሱባ ላይ የተበጠሰውን ፍሬን። እንቅልፍ ወስዶህ ሻሸመኔ መድረስህን ሳይቀር።

(ስልክ ይጠራል። ሀብተየስ ያዳምጣል፤ ስልኩን ሳይዘጋ ወደ በድሉ ይዞራል።)

ሀብተየስ፦ እሷው ናት። ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቃ፣ በእኔ ስም ምንም አደጋ የለም አሏት።

በድሉ፦ አላልኩህም? ምንም የለህም።

ሀብተየስ፦ ምንም ስለሌለህ ተቀብለንሃል አለችኝ።

በድሉ፦ በእኔ ምስክርነት ነዋ። ምሳ ትጋብዘኛለህ።

ሀብተየስ፦ ያንተን ግን አልወደደችውም። አራት ጊዜ የተገለበጠ ሰው በእኛ ኢንሹራንስ አይነዳም፣ ወይዘሮ ወርቅውሃም ቁልፉን ይቀበሉታል አለች።

በድሉ፦ ጨዋታ እኮ ነው፣ ኢሻ ወንድሜ። ሹፌር ተሰብስቦ ሲጫወት ያልተገለበጠን ማን ያዳምጠዋል?

ሀብተየስ፦ እሷ አዳምጣኛለች።

በድሉ፦ (ወደ ስልኩ እየተጠጋ) እውነቱን ንገራት። አባይ በረሃን በፎቶ ነው የማውቀው። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ዓመቴ ነው። የነዳሁት ከሶዶ ቦምቤ፣ ከቦምቤ ሶዶ ብቻ ነው። ዳገቱንም ረዳቴ ነው የሚያወጣልኝ።

ሀብተየስ፦ (ስልኩን ወደ ጆሮው እየመለሰ) ሰማሽው፣ ትሕትና? ... እሺ ... እሺ፣ እነግረዋለሁ። (ይዘጋል)

በድሉ፦ ሰረዘችው?

ሀብተየስ፦ ሰረዘችልህ። ተገልባጭ የሚለውን አጥፍታ ጀማሪ ብላ ጻፈች።

በድሉ፦ ቁልፌስ?

ሀብተየስ፦ መጀመሪያ ልምድ ካለው ሹፌር ጎን ተቀምጦ ይማር፣ ከዚያ እናያለን ብላለች። (ወደ አይሱዙው ወጥቶ መሪውን ይይዛል) በል ታኮውን ከጎማው ሥር አንሣና ግባ።