የጸና ፈቃድ ያለው መርፌ ወጊ

የጤና ጣቢያው የጥራት ኮሚቴ ኃላፊነቱን የሚያውቅ፣ ወንበሩንም አቀዝቅዞ የማያሳድር የተከበረ አካል ነበር። በዚያ ዓመት ባካሄደው ጥልቅ ጥናት የተገልጋዩ እርካታ ዘጠና ስምንት ከመቶ መድረሱን አረጋግጧል። የተጠየቁት የጣቢያው ሠራተኞች ናቸው፤ የቀሩት ሁለት ከመቶ የዓመት ፈቃድ ላይ ስለነበሩ ሳይጠየቁ ቀሩ። ይሁንና ከበላይ አካል «አረጋውያንም ይጠየቁ» የሚል ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤ መቼም ደብዳቤ ነው፤ ስድስት አረጋውያን ተጠሩ።

ከነሱ አንዷ ሠፈሩ «እማማ አዋላጅ» የሚላቸው ጡረተኛ ነበሩ። አርባ ዓመት ሲያዋልዱ ኖረው የኮሚቴውን ግማሽ በገዛ እጃቸው ተቀብለውታል፤ አንዳንዴ ይቆጫቸዋል። ያን ዕለት የመጡት ግን ለእህታቸው ነው። ታናሽ እህታቸው እዚያው ጣቢያ መርፌ ከተወጋች ወዲህ ቀኝ እግሯ ደንዝዞ፣ ከአልጋዋ እስከ በሩ የምትደርሰው ግድግዳ እየተደገፈች ነው።

ሰብሳቢው ስለ ጥራት አርባ ደቂቃ ተናግረው ለአስተያየት ሦስት ደቂቃ ተረፈ። እማማ እጃቸውን አወጡ።

«ያ መርፌ ወጊያችሁ የሚወጋበትን ቦታ አያውቀውም። ለመሆኑ የሙያ ፈቃድ አለው?»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። «እማማ፣ ይሄ እኮ ሙያዊ ጥያቄ ነው። ሙያዊ ጥያቄ ለመጠየቅ የጸና የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል። የእርስዎ አለ?»

«ጡረታ ስወጣ አብሮኝ ወጣ።»

«እንግዲህ!» አሉ ሰብሳቢው። ቃለ ጉባኤውም «አንድ ፈቃድ የሌለው ጥያቄ ቀርቦ በጭብጨባ ታልፏል» ተብሎ ተጻፈ።

እማማ እልኸኛ ናቸው። በማግስቱ ፈቃዳቸውን ሊያሳድሱ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሄዱ። ከመስኮት ሦስት ወደ መስኮት ሰባት፣ ከመስኮት ሰባት ወደ መስኮት ሦስት በታላቅ ትሕትና ሲያንሸራሽሯቸው ከዋሉ በኋላ «ጤነኛ ስለመሆንዎ ማስረጃ ያምጡ» አሏቸው። ማስረጃውን የሚሰጠው ያው ጤና ጣቢያ ነው። ዓይን የሚመረምረውም፣ የሰው እጥረት ስላለ፣ ያው መርፌ ወጊ።

«ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች ያንብቡልኝ፣ እማማ። እስከቻሉት ድረስ።»

እማማ እስከ መጨረሻዋ መስመር አንበለበሉት። እሱን ሲጨርሱ ዓይናቸው ከጎኑ በሚያብረቀርቅ ክፈፍ ወደተሰቀለው ወረቀት ተሻገረ።

«‹ከላይ ስሙ የተገለጸው ባለሙያ ለቀንድ ከብቶች ክትባት እንዲሰጥ ተፈቅዶለታል።› ልጄ፣ ማኅተሙንም ላንብብልህ?»

«እሱ... እሱ ምርመራው ውስጥ የለም» አለ መርፌ ወጊው፣ ክፈፉን በጀርባው እየከለለ።

ወሬው ሳይውል ሳያድር ከተማውን አዳረሰ። ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ተቀምጦ የሠራተኛው ፈቃድ በሙሉ አንድ በአንድ እንዲመረመር ወሰነ። ውሳኔው ታሪካዊ ነበር፤ ውጤቱ ደግሞ ከዚያም በላይ። የአንዱ ፈቃድ ጊዜው ካለፈ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፣ የሌላው የወንድሙ ነው፣ የሰብሳቢው የመንጃ ሆኖ ተገኘ። በጣቢያው የጸና የሙያ ፈቃድ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ስለዚህም መርፌ ወጊው በሙሉ ድምፅ የጥራት ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ።

እማማ ጉዳዩን ሰምተው ቤት ሲገቡ፣ እህታቸው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታሻለች።

«እትዬ፣ እንዴት ሆነ? ፈቃድ አለው?»

«አለው።» እማማ ጫማቸውን አውልቀው አጠገቧ ዘፍ አሉ። «የከብት።»

እህትየው እግሯን ማሸቱን ተወች።

«ምነው እንደ ከብት በቆጠረን!» አለች። «ከብቱ ሲያነክስበት እኮ ባለቤቱ መጥቶ ይጠይቀዋል።»