አልደፈርስም ያለችው ብልቃጥ

ጉባኤ ያልተቀመጠ ሰው ስለ ሳይንስ ባይናገር ይሻላል። እኔ ግን ስሙን በማልጠራው የድሬዳዋ መሥሪያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቃለ ጉባኤ ይዣለሁ፤ ስለዚህ ስለ ካንሰር፣ ስለ ፕሮቲንና ስለ ብዙኃን ድምፅ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ጆሮዬ የመንግሥት ንብረት ነው፤ በር ቢዘጋም ሥራ አይፈታም።

ነገሩ የተጀመረው በ1978 ዓ.ም. ነው። ሊቀ መንበራችን ጓድ ወልደጻድቅ አንገታቸው ሥር እብጠት ወጣባቸው። ካንሰር ነበር። መሪ እንደ ተራ ሰው ሲታመም ማየት የሠራተኛውን ሞራል ይጎዳልና እብጠቱን በካኪ ኮሌታቸው ሸፈኑት። ከዚያ ውጭ አገር ተምራ የመጣችውን ዶክተር ሰርካዲስን ጠርተው በሩን ቆለፉ።

«ስሜ የትም እንዳይጻፍ» አሏት።

«በቁጥር እይዘዋለሁ፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«ቁጥሩን ለእኔም እንዳትነግሪኝ! ምስጢር ማለት እንዲህ ነው። በሰው ፊት ካነሣሽው ግን የምትገቢበትን ቤት ታውቂዋለሽ።»

ከራሱ እንኳ ምስጢር የሚጠብቅ መሪ! እንዲህ ያለ ሰው በየትኛው አገር ይገኛል?

ዶክተሯ ከደማቸው ወሰደች። ለላቦራቶሪ ሠራተኛው ለሃሺ ስታስረዳው እንደሰማሁት፣ ደማችን ውስጥ በሽታን እየዳሰሱ የሚለዩ ዘበኞች አሉ፤ የሚዳስሱበት እጅ ፕሮቲን ነው። የሊቀ መንበሩን ካንሰር ለይቶ የሚይዘውን እጅ አገኘችው። ግን ሙቀት አይችልም። ትንሽ ሲሞቀው ቅርጹ ይፈርስና እንደ እንቁላል ነጭ ይደፈርሳል። ስለዚህ እዚህም እዚያም አንዳንድ ነገር እየለወጠች፣ ዓመት ሙሉ ለፍታ፣ አሥራ ሁለት ዓይነት አድርጋ ሠራችው፤ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ብልቃጥ። ሙቀት የሚችል ከተገኘ አዲስ አበባ ይላካል፤ መድኃኒት ይሠራበታል። ካልተገኘ፣ እንደገና ለመሥራት ሌላ ዓመት ይፈልጋል።

«በሽተኛው ሌላ ዓመት አለው?» አለ ሃሺ።

«ከሚመጣው ዓመት ፋሲካ አያልፍም» አለች።

በሰኔ 1979 የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ የሺአረግ ብልቃጦቹን ፍሪጅ ውስጥ አገኘቻቸው። «የንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ሞዴል 19፣ ያልተቆረጠለት ነገር በመንግሥት ፍሪጅ አያድርም!» አለች። እውነቷን ነው፤ ገቢ ያልሆነ ነገር እንዴት ይኖራል? ጓድ ወልደጻድቅም ርክክቡ ከዚራ ሰፈር ባለው አዳራሽ፣ ሠራተኛው ሁሉ በተገኘበት እንዲፈጸም አዘዙ። የእሳቸው ጉዳይ ከተራ ብልቃጥ ጋር ጠረጴዛ ላይ ይሰለፋል ብለው እንዴት ይጠርጥሩ!

ብልቃጦቹ በበረዶ ተከበው ገቡ። በረዶው ግን ወዲያው ተሰብስቦ ለክብር መድረኩ የውኃ ጆግ ዋለ። ማራገቢያውም ወደ መድረኩ ዞረ። የጓድ ወልደጻድቅ ንግግር በሦስት ሰዓት ጀመረ። «ሳይንስ የብዙኃኑ ነው፤ ብዙኃኑም የሳይንስ ነው፤ ይህም ሆኖ ሳለ...» አሉ፤ እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ይህም ሆኖ ሳለ ቆየ።

ሃሺ አላስቻለውም። ድሬ አንቱታ ብዙም አታውቅም። «አቦ ወልደጻድቅ፣ በረዶውን መልስ! ይበላሻል!»

«ጓድ ሃሺ፣ ተራህን ጠብቅ።»

«እኔ ተራ እጠብቃለሁ፤ እሱ ነው የማይጠብቀው፣ ወላሂ!»

ሥርዓት ተባለ። ንግግሩ ሲያልቅ ዶክተር ሰርካዲስ ወደ ጠረጴዛው ሮጠች። አንደኛው ደፍርሷል። ሁለተኛው ደፍርሷል። እስከ አሥራ አንደኛው ድረስ ሁሉም ነጭ ሆነዋል። አሥራ ሁለተኛዋ ብልቃጥ ግን እንደ ምንጭ ውኃ ጠርታ ቁጭ ብላለች። ዶክተሯ እንባዋ ቀደማት። «ችላዋለች! ሃሺ፣ ይቺ ችላዋለች!»

«የንብረት ልዩነት ተገኝቷል!» አለች ወይዘሮ የሺአረግ ብድግ ብላ። «አሥራ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቀለም የሌለው። በአንድ ሞዴል 19 ሁለት ዓይነት ዕቃ አልቀበልም።»

«አሥራ አንዱ ተበላሽተዋል» አለች ዶክተሯ። «ደህናዋ ይቺ ናት።»

«አሥራ አንድ ተበላሽቶ አንድ ደህና?» ጓድ ወልደጻድቅ ሳቁ። «ጓድ ዶክተር፣ ሂሳብ የት ነው የተማርሽው? አናሳው ለብዙኃኑ ይገዛል። አበው ‹ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ› ብለዋል፤ እኛ ደግሞ አሥራ አንድ አለን!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ እባክዎ፣ ለአንድ ደቂቃ ለብቻችን...»

«እኔ ከሕዝብ የምደብቀው ነገር የለኝም! እዚሁ ተናገሪ!»

የሞላውን አዳራሽ ዞራ አየች። «በሽተኛ አለ» አለች በመጨረሻ። «በዚች ብልቃጥ የሚድን።»

«ማን ይባላል?»

«ስሙ አልተጻፈም።»

«ሰማችሁ ጓዶች? ግለኝነት እንዲህ ነው የሚጀምረው!»

በዚህ ጊዜ የአወዳይ ጫት መኪና ጡሩምባውን እየነፋ በመስኮቱ ሥር አለፈ። ጫቱ እርጥብ ጨርቅ ለብሷል፤ ጫት በሙቀት እንደሚበላሽ ለማስረዳት በድሬዳዋ ማንም ስብሰባ ጠርቶ አያውቅም። ጫቱ ከደረሰ በኋላ ክርክር የሚያስረዝም ሰው ገና አልተወለደም። ውሳኔው ተነበበ፦ ከመሥመር የወጣችው ብልቃጥ ከአሥራ አንዱ ጋር ተቀላቅላ ትታረም። እጅ ሁሉ ወጣ፤ ከሁሉ በላይ ከፍ ያለው የጓድ ወልደጻድቅ ነበር። ቃለ ጉባኤ ያዥ ሐሳብ አይሰጥም። አፈርኩ፤ ግን ይሄ አጀንዳ ላይ አልነበረም።

ወይዘሮ የሺአረግ አሥራ ሁለቱንም ባንድ ጠርሙስ ገለበጠቻቸው። አንድ ጠርሙስ፣ አንድ ሞዴል 19።

«አቦ፣ ሰው ገደላችሁ እኮ!» አለ ሃሺ።

«ስም ጥቀስ!» አሉ ጓድ ወልደጻድቅ።

«ስም የለውም ተባለ አይደል እንዴ!»

ሰው ጫቱን ሊቅም ወደ በርጫው ተበተነ። እኔ ወረቀቴን ስሰበስብ ጓድ ወልደጻድቅ ዶክተሯን በረንዳው ላይ ያዟት። ድምፃቸው የሌላ ሰው መሰለ፤ የፈራ ሰው።

«ሰርካዲስ፣ ልጄ፣ የእኔስ ነገር የት ደረሰ? ማታ ማታ እንቅልፍ ከለከለኝ እኮ።»

ዶክተሯ በተከፈተው በር ጠርሙሱን አየችው።

«ዛሬ ጉባኤ ቀርቦ ነበር» አለች። «በሙሉ ድምፅ ተወሰነበት።»

«የተቃወመ አለ?»

«አንዷ ብቻ ነበረች። እሷም ተቀላቀለች።»

«እንግዲያው እኔም ደግፌዋለሁ ማለት ነው» አሉ ጓድ ወልደጻድቅ፣ እፎይ ብለው። «ተመስገን!»