ቤንዚን የማትጠጣው መኪና

ልዩነቱ መቶ ሰማንያ ሺህ ብር ነበር። ተራዋ የቤት መኪና የራሷ ዋጋ አላት፤ ሃይብሪድ የሚሏት፣ ግማሹን በባትሪ ግማሹን በቤንዚን የምትሄደው ደግሞ በዚያ ላይ መቶ ሰማንያ ሺህ ታስጨምራለች። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? የተማረ ሰው ኢንተርኔት ያያል። እኔ ከሳንጃ ሰሊጥ በአህያ እየጫንኩ ንግድ የጀመርኩ ሰው ነኝና በጣቴ ቆጠርኩ።

አሮጌዋ መኪናዬ በወር የሦስት ሺህ ብር ቤንዚን ትጠጣ ነበር። አዲሷ እኩሌታውን። ስለዚህ በወር አንድ ሺህ አምስት መቶ ይተርፈኛል። ጠዳ ላይ ለእርጅናዬ ያቆየኋት አንዲት መጋዘን ነበረችኝ፤ ኪራይዋ በወር አንድ ሺህ ሁለት መቶ። መጋዘኗን ሸጬ በዋጋዋ ልዩነቱን ብሸፍንና ሃይብሪዷን ብገዛ በየወሩ ሦስት መቶ ብር አተርፋለሁ ማለት ነው። ባለቤቴ ዘይነባ «መጋዘን ቆማ ታበላለች፤ መኪና ሄዳ ትበላለች» አለችኝ። እኔ ግን ሒሳቡን ጨርሼ ነበር፤ ሒሳቡን የጨረሰ ሰው ደግሞ ምክር አይሰማም።

ሒሳቡ ልክ ነበር። እስከ ዛሬም ልክ ነው። ሳልቆጥር የቀረሁት ጎንደርን ብቻ ነው።

በእኛ ዘንድ ሰው ለለቅሶም ለሠርግም በሰው መኪና ከተሳፈረ፣ ሲወርድ «ለነዳጅ» ብሎ ባለመኪናው ኪስ ውስጥ ይወትፋል። ባለመኪናው «ኧረ በአላህ፣ ምን ሲደረግ!» ብሎ ይምላል፤ ተሳፋሪው መልሶ ይምላል፤ ሁለት ጊዜ ከተማማሉ በኋላ ብሩ ኪስ ውስጥ ይቀራል። ሁለቱም ተከብረው ይለያያሉ። የሚወትፈውን ያላዘጋጀ ሰውም መኪና አይጠይቅም።

እኔ ግን በገዛኋት ሰሞን አዲስ ዓለም ሰፈር መሀል ቆሜ «ቤንዚን አትጠጣም!» እያልኩ ለፈፍኩ። ሳምንት ሳይሞላ የአርባ ዓመት ጎረቤቴ ሰይድ መጣ።

«አያ ኑሩ፣ ድብ ባሕር ለቅሶ አለብን። ማኪናህ በመብራት ከሆነ የምትሄደው፣ ምን ይጎዳሃል?»

«በመብራት ብቻ አይደለም፤ ቤንዚንም ትፈልጋለች» አልኩት።

«ምነው? ትናንት አትጠጣም ስትል አልነበር? ዛሬ ጀመራት?»

ሄድን። ተመልሰን በሩ ላይ ሳወርደው እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ እኔም ለመማል ተዘጋጀሁ። ያወጣው ስልኩን ነበር። «ሸጋ ማኪና ናት። እስቲ ይህችንም ሰካልኝ፤ ቤት መብራት ጠፍቷል።»

ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ለቅሶ ሁሉ የእኔ ሆነ። ሳንጃ ኒካህ አለ፤ ኑሩ ይጠራ። ጠዳ አማት ታመመች፤ ኑሩ ይጠራ። አሮጌዋን ለመጠየቅ ያፍሩ የነበሩ ሁሉ አዲሷን ለመጠየቅ አላፈሩም። በአንድ ሊትር እጥፍ መንገድ ትሄዳለች ተብሎ ነበር፤ እውነትም እጥፍ መንገድ ሄደች። በወሩ መጨረሻ ማደያው የወሰደው ያንኑ ሦስት ሺህ ብር ነው። ጠዳ ላይ ደግሞ መጋዘኗን የገዛው ሰውዬ ኪራይ ጨመረ።

አንድ ቀን አንጀቴ አረረና ከድብ ባሕር ስንመለስ ሰይድን «እንግዲህ ለነዳጅ የምትችለውን ጣል አድርግ» አልኩት። አልተቆጣም። ቢቆጣ በወደድኩ። አምሳ ብር ቆጥሮ እጄ ላይ አስቀመጠና፣ «ይበቃል ወይስ ልጨምር?» አለኝ። እሱም አልማለ፣ እኔም አልማልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤታችን በርበሬ ቢወስድ ዋጋውን ይልካል። በረመዳን ዘይነባ ሳምቡሳ ብትልክለት ሳህኑ ላይ ብር አኑሮ ይመልሳል።

ሃይብሪድ ያዋጣል ወይ እያላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ ሒሳቡ ይኸውላችሁ። ቤንዚኑ ከቤንዚኑ ተካክሏል። ወጪ፦ አንድ መጋዘን ከነኪራይዋ፣ አንድ ጎረቤት ከነአርባ ዓመቱ። ገቢ፦ አምሳ ብር።