ጋሽ ገሰሰና የዝዋይ ብስክሌት

በየሰፈሩ ዕቃ ከተገዛ በኋላ ብቻ ምክር የሚሰጥ አንድ ሰው አለ። ከመግዛትህ በፊት ብትፈልገው አታገኘውም፤ ገንዘቡ ከኪስህ በወጣ ማግስት ግን በርህ ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል።

የእኛ የቦሌው ሰፈር ሊቅ ጋሽ ገሰሰ ናቸው፤ ከአውሮፕላን ማረፊያ በጡረታ የተሰናበቱ፣ የሬዲዮ፣ የጫማ፣ የበግና የቆርቆሮ የበላይ ጠባቂ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ማንን አማክረሽ ገዛሽው?» የጎረቤታችን የአቶ ካሳዬ አስከሬን ሳይወጣ የሳጥኑን እንጨት አንኳኩተው የሟቹን ሚስት ይህንኑ ጠይቀዋል ይባላል። እኔ አላየሁም፤ ግን አምናለሁ።

ያገለገለ የቻይና ብስክሌት የገዛሁት ዝዋይ ድረስ ልነዳው ነው። ጓደኛዬ ብርነሽ በአስተማሪነት እዚያ ተመድባለች፤ ክረምቱ ሲወጣ በብስክሌት መጥቼ እንደማያት ቃል ገብቼላታለሁ። እናቴ አትሄጂም ማለቱ ቢከብዳት ዘዴ ፈጠረች። ጋሽ ገሰሰ ብስክሌቱ ደህና ነው ካሉ ትሄጃለሽ አለችኝ። ጋሽ ገሰሰ ደግሞ በሕይወታቸው ደህና ነው ያሉት ነገር የለም። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ማውጣት ከዚህ ይቀላል፤ እሱንማ አውጥቻለሁ።

መጡ፤ ጥያቄያቸውንም ጠየቁ። ራሴን ነው ያማከርኩት ማለት ፈርቼ ጫማዬን አየሁ። ኮርቻው ድንጋይ ነው ተባለና የበግ ቆዳ ለበሰ። ፍሬኑ ልፍስፍስ ነው ተባለና ላስቲኩ ተቀየረ። ሰንሰለቱ ያለቅሳል ተባለና ግሪስ ጠጣ። ቀለሙ እንኳ ለረጅም መንገድ አይሆንም ተባለ፤ ምክንያቱን አልነገሩኝም። ከዚያ ደግሞ በጭነት ካልተፈተነ ብለው ኋላው ላይ ጡብ አሰሩና እስከ መገናኛ አስነዱኝ። መገናኛ ላይ አንድ ሰውዬ የጡቡን ዋጋ ጠየቀኝ። እሳቸው ራሳቸው ብስክሌት ላይ ሲወጡ ያየ ሰው ግን የለም።

ክረምቱም ወጣ። ጋሽ ገሰሰ ግን ጉድለት አላለቀባቸውም፤ እናቴም በየቀኑ ፊቷ እየፈካ ሄደ።

አንድ እሁድ ግቢያችን ተንበርክከው የኋላውን ጎማ ሲያሽከረክሩ የኅብረት ሱቁ ሻጭ ሱልጣን በአጥሩ ብቅ አለ። እናቴ አፏ ላይ ይዛው የከረመችውን ነገርም ተናገረላት።

«ጋሼ፣ ሴት ልጅ ብቻዋን ዝዋይ ድረስ በብስክሌት ትሄዳለች እንዴ? እርስዎ እንኳን አንድ ነገር አይሏትም?»

ጋሽ ገሰሰ ጎማውን በእጃቸው አቁመው ቀና አሉ። ጥያቄው አልገባቸውም። እኔን አዩኝ፤ ብስክሌቱን አዩት።

«እሷ ምን ሆነች? እግሯም ሳንባዋም ጤነኛ ነው» አሉት። «እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ጎማ ነው።»

ሰፈሩም፣ ቀበሌውም፣ የክፍል ጓደኞቼም መጀመሪያ ያዩት ሴትነቴን ነበር። ቀለም ሳይቀር የሚነቅፉት ሰውዬ ግን ከዚያ ሁሉ ጉድለት መሃል አንድም ቀን አልቆጠሩትም። እጃቸውን መሳም አማረኝ፤ አፈርኩና ተውኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ እሳቸውን ማማት ለእኔ ብቻ የተፈቀደ ነው።

እናቴ ተስፋ አልቆረጠችም። «ታዲያ ደህና ነው ወይስ አይደለም?» አለቻቸው።

«ይሄ? ደህና?» አሉ ጋሽ ገሰሰ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «ሞጆ ላይ ንፋስ ታስሞላው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ምንም አይላትም።»

እናቴ ለጠዋቱ ብርድ የምለብሰው ሹራብ ልትፈልግልኝ ወደ ቤት ገባች።